ደጋን ማላላት

ሻርጃ፣ ዐሥራ ሦስተኛው የፋብሪካ ሰፈር፣
የጎማ መጋዘን፣ እኔ የሌሊት ዘብ ከበር፤
ኤሲው ከጣሪያው ሥር ባልዲ ውስጥ ያነባል፣
የኔም ዓይን ስክሪኑ ላይ ያነባል፣ ያነባል።

ሙዘይን ከደማም፣ «ምን ትሠራለህ?» ሲል ደውሎ፣
«ሞድ» ብለው ዘጋብኝ፣ «ሞድ ትይዝብኛለህ?» ብሎ።

አልያዝኩበትም። የያዝኩት ቀስት ነው።
ጌሙ የሌላ ሰው ነው፤ ዘንዶ አለው፣ ጫካ አለው፣ ባለቤት ያጣ ዙፋን፣
እኔን የከነከነኝ ግን ቀስተኛው ነው፣ ያውም ያ ደጋን።
ጣት ቁልፍ ትነካለች፣ ፍላጻው ይበራል፣
ደረጃ ሲጨምር ጉዳቱ ይጨምራል፤
ዝናብ ቢወርድበት ጅማቱ አይረጥብም፣
መቶ ጊዜ ቢስብ ቀስተኛው አያልበውም።
የነደፈው ሰው ደጋን ስቦ አያውቅም፤ ወይ ደግሞ አለቃ ነው፣
ክንድ የሚዝል ነገር መሆኑን ማንም ያልነገረው።

አፈረስኩት።
ከእንጨቱ ጀመርኩ።
ለወይራው ክብደት፣ ለሽመሉ ፍጥነት ሰጠሁ፣
ቀንድ ለለበሰው ደጋን ውድ ዋጋ ቆረጥሁ፤
ከፍላጻው ሦስት ላባ አንዱ የጎደለ እንደሆን
ወደ ግራ እንዲያዘነብል ፈረድኩበት ጉዞውን።

ነፋስም ጨመርኩበት፤ ስሙን ሻማል አልኩት፣
በሬን ሲደበድብ ያደረውን፣ ልኩን ከደጅ ወሰድኩት።
በአሸዋ ቀን፣ በመቶ ርምጃ፣ «ልምታ» የሚል ቢኖር
ፍላጻውን ተሰናብቶ፣ እኔን ሳይረግም ይወርውር።

ክህሎቱን ስከፍል፦ አቋቋም፣ አሳሳብ፣
ትንፋሽ፣ ዓይን ብዬ፣ ለአምስተኛው ሳስብ፣
ሻጂ መጣ፣ የፎርክሊፍቱ ሹፌር፣ ከረክ ሻይ ይዞ፣
ዐሥራ አራት ሰዓት መሪ የጨበጠ ክንዱ ደንዝዞ።
ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣
ሻዩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ተቀመጠ።
ይቅርታ ጠየቀኝ።
እኔ ግን ሳልጠርገው፣ ሳላፍር፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ከስምንት ሰከንድ በላይ ስቦ የቆየ ክንድ፣ ይንቀጥቀጥ።
ከሻጂ ሰረቅኩት። አልነገርኩትም።

ድምፁ ነው ያስቸገረኝ። ያገኘሁት ሁሉ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ ይላል።
ሸዋ ሮቢት ደወልኩ፤ አክስቴ አስካለች ጥጥ ላይ ናት።
«እስቲ ደጋንሽን ምቺው፣ ስልኩን ከጅማቱ አስጠጊና።»
«ዐረብ አገር ሰው ያሳብዳል ሲሉ ሐሰት መስሎኝ ነበር» አለችና
መታችው።
እምምምም።
የመጋዘኑ ጎማ ሁሉ የሰማ መሰለኝ።
እሷ ስትነድፍ ጥጡን፣ እኔ ስነድፍ ቀስቱን፣
አንድ ቃል ተካፈልን፣ አንድ ጅማት፣ ድምፁን።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ቆይ፣ ላላላው» አለች፣
«ደጋን ተወጥሮ አያድርም፤ ነፍሱ ትወጣለች።»

አምስተኛው ይኸው። ማላላት።
ከአደን መልስ ጅማቱን ሳይፈታ የተኛ ቀስተኛ
ሲነጋ እጁ ላይ የሚያገኘው ጎባጣ እንጨት ነው፤ ለማገዶ ይሆነዋል።

ሙዘይን ሞክሮት ማታውኑ ጻፈልኝ፦
«ዘንዶው አናቴ ላይ ሲደርስ እኔ ገመድ ላስር ነው እንዴ?»
«አዎ።»
«ማን ይጫወተዋል ይህን?»
እንጃ።

ሊነጋ ሲል ራሴ ገባሁ።
የመጀመሪያውን ሳትኩ። ሁለተኛውንም።
ሦስተኛውን ሻማል ወሰደው፤ ሚዳቋዋ ቀና ብላ አይታኝ ሣሯን ቀጠለች።
እንዴት ደስ እንዳለኝ!
ፍላጻዎቼን ከአሸዋው አንድ በአንድ ለቀምኩ፣
ጎጆ ገባሁ፣ ጅማቱን ፈታሁ፣ ደጋኑን ከግድግዳው ሰቀልኩ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ከሩብ። ከዚያ ተኩል።
ተተኪዬ ዛሬም አልመጣም።
የመጀመሪያው የጭነት መኪና ከደጅ ጡሩንባውን ይነፋል፤
ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ፣
ደጋኔ ላልቶ ተኝቷል።